ዕቃ መለወጥ ምርመራ አይደለም

በአገራችን ጋራዦች «ሞተሩ ሚስ ያደርጋል» የሚለው አቤቱታ የማይሰማበት ቀን ያለ አይመስለኝም። መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳልም፤ ነገር ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል። ባለቤቱ ካንዴላ ይለውጣል፤ ለሁለት ቀን የተሻለ ይመስለዋል። ቀጥሎ ቦቢና ይለውጣል፤ ከዚያም የቤንዚን ማጣሪያ፣ ከዚያም የቤንዚን ፓምፕ። በመጨረሻ የተለወጠው ዕቃ አንድ ካርቶን ሲሞላ፣ ሞተሩ ግን እንደ ቀድሞው ይቆራርጣል።

እንዲህ ያለው ወሬ በሳይንስ መጽሔት ላይ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይሁን እንጂ የማይለቅ የሞተር መቆራረጥ በአካባቢያችን ከሚገኙት የሳይንሳዊ ዘዴ ማስተማሪያዎች ሁሉ የላቀው ነው ብዬ አምናለሁ። ዕቃን በዕቃ እየተኩ ዕድልን መሞከር ምርመራ አይደለም። ምርመራ ማለት ተፈጥሮ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብላ እንድትመልስ የሚያስገድዳት ጥያቄ ማቅረብ ነው። ይህን ልዩነት አለማወቃችን ባለመኪናውን ገንዘቡን፣ ተማሪውን ደግሞ ትምህርቱን ያሳጣዋል። ሁለቱም ጉዳቶች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

ሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች

እንደሚታወቀው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ከሠራው ሞተር ጀምሮ የቤንዚን ሞተር በአራት ምት ይሠራል፤ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። እነዚህ አራት ምቶች የሚጠናቀቁት ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር ነው። ስለዚህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ፣ ሞተሩ በጠቅላላው 100 ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ሲሊንደር ሥራውን ቢያቆም የቀሩት ሦስቱ እርሱንም ጭምር ይጎትቱታል። የምንሰማው መንቀጥቀጥ ይህ ነው።

አንድ ሲሊንደር በትክክል እንዲያቃጥል ሦስት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል። አንደኛው በቂ እመቃ ነው። ሁለተኛው ተስማሚ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ነው፤ አንድ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሦስተኛው በሰዓቱ የሚደርስ ብርቱ ብልጭታ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ አራተኛ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፤ በጋራዥ የሚነገሩት ብልሽቶች በሙሉ ከሦስቱ በአንዱ ሥር ይወድቃሉ።

ብልጭታውን እንመልከት። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው። ካንዴላው ግን ከ10,000 እስከ 30,000 ቮልት ሊፈልግ ይችላል። ይህ ሁሉ ቮልቴጅ የሚመጣው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ካገኘው የኢንዳክሽን ሕግ ነው። በቦቢናው የመጀመሪያ ጥምጥም ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ መግነጢሳዊ መስኩ በቅጽበት ይፈርሳል፤ በዚያው ጥምጥም ላይ ጥቂት መቶ ቮልት ይፈጠራል፤ መቶ እጥፍ ያህል ዙር ያለው ሁለተኛው ጥምጥም ደግሞ ይህን ወደ አሥር ሺዎች ያደርሰዋል። የኢንዳክሽንን ቀመር በቃላቸው የሚያውቁ ተማሪዎቼን «ከ12 ቮልት ባትሪ 30,000 ቮልት እንዴት ይወጣል?» ብዬ ስጠይቃቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀመሩን ያውቁታል፤ ቀመሩ ከመኪናው መክደኛ ሥር እንደሚኖር ግን የነገራቸው የለም።

ምልክት ራሱ ማስረጃ ነው

ከማናቸውም ዕቃ ግዢ በፊት መጠየቅ ያለበት «መቼ ነው የሚቆራርጠው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም የፊዚክስ ዕውቀት ካለ ብዙ ይናገራል።

ፍሪድሪሽ ፓሼን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ብልጭታ ለማስነሣት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ስፋት ብዜት ላይ የተመሠረተ ነው። በሞተር ውስጥ ባለው ሁኔታ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ቮልቴጅም ይጨምራል። ነጂው ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረግጥ ወደ ሲሊንደሩ ብዙ አየር ይገባል፤ በእመቃው መጨረሻ የሚኖረው ግፊትም ከፍ ይላል። ስለዚህ ቆሞ ሲሠራ ጸጥ ያለ፣ ዳገት ላይ ግን የሚቆራርጥ ሞተር በመጀመሪያ ሊያስጠረጥር የሚገባው የብልጭታውን ድካም ነው፤ ያረጀ ካንዴላን፣ የሚያፈስ የካንዴላ ገመድን ወይም የደከመ ቦቢናን።

ተቃራኒው ምልክት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ሞተሩ ሳይረገጥ ሲዞር፣ በጋራዥ አጠራር «በሚኒሞ» የሚቆራርጥ፣ ሲረገጥ ግን የሚስተካከል ከሆነ ብልጭታው ደካማ ነው ማለት ያዳግታል። በዚህ ጊዜ የሚያስጠረጥረው ትንሽ ፍሳሽ ነው። በተሰነጠቀ ጎማ የሚገባ ጥቂት አየር ሞተሩ እምብዛም አየር በማይስብበት በሚኒሞ ከጠቅላላው ከፍተኛ ድርሻ ይይዛል፤ ሞተሩ ብዙ አየር በሚስብበት ጊዜ ግን ድርሻው ከቁጥር አይገባም። በቫልቭ በኩል የሚያመልጥ እመቃም እንደዚሁ በዝግታ ሲዞር ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል፤ በፍጥነት ሲዞር ግን ጊዜው ያጥረዋል።

ስንት ሲሊንደር እንደታመመ ማወቅም ሌላው ማስረጃ ነው። አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ምክንያቱ የዚያ ሲሊንደር የግሉ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። አራቱም ከሆኑ ደግሞ የጋራ የሆነ ነገር መፈለግ ይገባል። ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ የሚያስገባው አየር ክብደት በአየሩ እፍግታ ልክ ሲቀንስ ቤንዚኑ ግን በእፍግታው ካሬ ሥር ልክ ብቻ ይቀንሳል፤ በዚህም ድብልቁ ከ10 ከመቶ በላይ በቤንዚን ይበለጽጋል። የአራቱም ካንዴላ ጫፍ በደረቅ ጥቀርሻ ከጠቆረ ጥፋቱ የካንዴላው አይደለም። አራት አዲስ ካንዴላ መግዛት አራት አዲስ የሚጠቁር ካንዴላ መግዛት ነው፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉታል ይህ ነው።

የመክፈል ጥበብ

አንድ ብልሽት ብቻ አለ ብለን እናስብ። አራት ሲሊንደርና ሦስት ምክንያት 12 አማራጮችን ይሰጡናል። አንድ በአንድ የሚለውጥ ሰው ዕድሉ ከጠመመ እስከ 11 ሙከራ ድረስ ሊሄድ ይችላል። አማራጮቹን በየጊዜው ለሁለት የሚከፍል ጥያቄ የሚያቀርብ ሰው ግን በአራት ጥያቄ ይጨርሳል፤ ሁለት በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 16 ነውና።

መጀመሪያ የታመመውን ሲሊንደር መለየት ነው። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ባለሙያው ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ የሲሊንደሮቹን ሥራ በየተራ ያቋርጣል። ጤናማው ሲቋረጥ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፤ የታመመው ሲቋረጥ ግን ምንም ለውጥ አይታይም፤ ቀድሞውንም አይሠራም ነበርና። እዚህ ላይ ተማሪዎችን ማሳሰብ እወዳለሁ፤ ያለው ቮልቴጅ አደገኛ በመሆኑ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም የጭስ ማጣሪያውን ሊያበላሽ ስለሚችል ይህ ሙከራ ያለ ባለሙያ አይደረግም።

በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1996 ሞዴል ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው የኮምፒዩተር ምርመራ ሥርዓት ያላቸው መኪናዎች ይህን በራሳቸው ይናገራሉ። ኮምፒዩተሩ የክራንክ ሻፍቱን ፍጥነት በየጥርሱ ይለካል፤ ማቃጠል በነበረበት ቅጽበት ፍጥነቱ ከመጨመር ይልቅ ከቀነሰ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ጉልበት እንደጎደለ ይመሰክራል። «ፒ0303» የሚለው ኮድም ሦስተኛው ሲሊንደር መሳቱን ያመለክታል። ልብ በሉ፤ ኮዱ የት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ኮዱን አንብቦ ወዲያው ቦቢና የሚያዝ ሰው ምርመራውን የጀመረ እንጂ የፈጸመ አይደለም።

«ለምን» የሚለውን ለመመለስ እጅግ ቀላሉ ሙከራ ማዘዋወር ነው። የሦስተኛውን ሲሊንደር ቦቢና ከአንደኛው ጋር ማቀያየርና ሕመሙ የት እንደሄደ ማየት ነው። ሕመሙ ቦቢናውን ተከትሎ ወደ አንደኛው ከሄደ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። ባለበት ከቀረ ቦቢናው ንጹሕ ነው። አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፤ የቀረው ሁሉ እንዳለ ተጠበቀ። በመጻሕፍት «ቁጥጥር የተደረገበት ሙከራ» ብለን የምናስተምረው ይኸው ነው። ካንዴላውን፣ ቦቢናውንና ማጣሪያውን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ግን መኪናው ቢስተካከል እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ሕመሙ በሚታይበት ሰዓት መለካት

አንድ ጎረቤቴ፣ በአሮጌ አውቶሞቢላቸው የታክሲ ሥራ ሠርተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ አባት፣ ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ካርቶን ባለቤት ነበሩ። ሁለት ጋራዥ ተመላልሰዋል፤ ሶማሌ ተራም ለዕቃ ግዢ ብዙ ጊዜ ወርደዋል። የሁለት ወር ገቢያቸው ለዕቃ ወጥቶ መኪናዋ ትራፊክ መብራት ላይ መንቀጥቀጧን አልተወችም። በሦስተኛው ጋራዥ ያገኙት መካኒክ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ጠየቃቸው።

«አባባ፣ መቼ ነው የምትቆራርጥብዎት?»

«ከሰዓት በኋላ ነው ልጄ። ጠዋት ደኅና ነች።»

«ሲረግጧትስ?»

«ስረግጣትማ ትተወዋለች።»

«እንግዲያው ብልጭታ አይመስለኝም» አለ። የታመመው ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑን ለየ፤ ቦቢናውን፣ ካንዴላውንና ኢንጀክተሩን በየተራ አዘዋወረ፤ ሕመሙ ከሦስተኛው አልተነቃነቀም። የቀረው እመቃ ነበር። እመቃው በቀደመው ጋራዥ ተለክቶ «ደኅና ነው» ተብሏል። ሰውየው ግን መቼ እንደተለካ ጠየቀ። የተለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነበር።

ሞተሩን አሙቆ በድጋሚ ለካ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን በግልጽ ዝቅ አለ። ከዚያም በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ ለካ። ይህ ዘዴ ያረጀና ብልህ ነው፤ ዘይቱ በፒስተን ቀለበት፣ በጋራዥ አጠራር በፋሻ፣ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል፤ ቫልቭን ግን ሊደፍን አይችልም። እመቃው ቢጨምር ጥፋቱ የፋሻው ይሆን ነበር። አልጨመረም። እንግዲህ የቀረው ቫልቭ ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በስስ የብረት መለኪያ ሲፈተሽ የጭስ ማስወጫ ቫልቩ ክፍተት ጠፍቶ ተገኘ።

የዚህ ፊዚክስ ቀላል ነው። 100 ሚሊ ሜትር የሚረዝም የብረት ቫልቭ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ 0.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አምራቾች በቫልቩ ጫፍ ጥቂት የሚሊ ሜትር አሥረኛ ክፍተት የሚተዉት ለዚሁ ነው። በዘመን ብዛት የቫልቩ መቀመጫ ሲበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ክፍተቱም ይጠባል። በዚያን ጊዜ ቫልቩ ሲቀዘቅዝ በደንብ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ግን የሚረዝምበት ቦታ ስለሚያጣ ገርበብ ብሎ ይቀራል። ጠዋት የተለካው እመቃ ትክክለኛ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ለቦቢናም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የመዳብ ጥምጥም ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ በ31 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ቀዝቅዞ ተለክቶ ጤናማ የተባለ ዕቃ ሲሞቅም ጤናማ ይሆናል ማለት አይደለም።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ መካኒኩ ክፍተቱን በአምራቹ ልክ አስተካከለ። የተለወጠ ዕቃ አልነበረም። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ግን ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም።

ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው መቼ ነው?

ብዙ ሰው የሚታለልበት ሌላ ነጥብ አለ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ብልሽት ዕቃ በተለወጠ ማግሥት ዝም ቢል ተጠገነ ማለት ይቻላልን? ብልሽቱ በአማካይ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያለ ሥርዓት የሚከሰት ነው እንበል። ምንም ሳይጠገን አንድ ሙሉ ቀን ዝም ብሎ የመዋል ዕድሉ 37 ከመቶ ነው። ሦስት ቀን ዝም የማለት ዕድሉ ግን 5 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ዝምታ ተስፋ እንጂ ማስረጃ አይደለም። «ካንዴላ ቀይሬ ለሁለት ቀን ተሽሎኝ ነበር» የሚለው ምስክርነት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ካንዴላው ሳይሆን ስለ ዕድል የሚናገር ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ሁሉ በመካኒኮች ላይ ማላከክ ግፍ ነው። ደንበኛው ሒሳብ ሲከፍል የሚጠይቀው «ምን ቀየርክልኝ?» ብሎ እንጂ «ምን አወቅህ?» ብሎ አይደለም። ለሁለት ሰዓት አስቦና ለክቶ ቫልቭ ላስተካከለ ሰው የምንከፍለው አዲስ ፓምፕ ለገጠመው ከምንከፍለው ያነሰ ነው። የሚታየውን ዕቃ እየገዛን የማይታየውን ዕውቀት በነጻ የምንፈልግ ከሆነ ጋራዡ ዕቃ መለወጫ ቢሆን ልንደነቅ አይገባም።

እኛ መምህራንስ? በፈተና ላይ አንዱን ቀመር ሞክሮ መልሱ ከአማራጮቹ ጋር ሲጣላበት ወደ ሌላ ቀመር የሚዘል ተማሪ ምን እያደረገ ነው? ካንዴላ እየለወጠ ነው። በላቦራቶሪ ያገኘው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ሲለው ቁጥሩን የሚያስተካክል ተማሪም ሞተሩን ሳያደምጥ ኮዱን የሚያጠፋ ሰው ነው። በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናቴን ሳካሂድ አብዛኛው ቀኔ ያለፈው ቀመር በመፍታት ሳይሆን በመሣሪያዎች ላይ ብልሽት በመፈለግ ነበር። ሥራ ላይ ያለ ሳይንስ በብዛት ይህን ይመስላል፤ በእኛ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ግን ቦታው ጠባብ ነው።

«ልምድ ያለው መካኒክ ድምፁን ሰምቶ ያውቃል፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ልምድ ማለት የትኛው ብልሽት እንደሚበዛ ማወቅ ነው፤ ርካሽና ብዙ ጊዜ የሚበላሸውን አስቀድሞ መፈተሽም ትክክለኛ ስሌት ነው። ይሁን እንጂ ግምት የምርመራ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የጎረቤቴ መካኒክም ገምቶ ነበር፤ ከሌሎቹ የሚለየው ግምቱን ውድቅ ሊያደርግ በሚችል ሙከራ ላይ ስላቆመው ነው።

ምን ይደረግ?

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በቀር ሌሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ግን በአንድ ቀን አይጠፉም፤ ከእኛ ጋር አብረው ያረጃሉ፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም በእነርሱ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ካንዴላ ባይኖረው ብልሽት አያጣውም። ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች አንድ አሮጌ የቤንዚን ሞተር ወደ ላቦራቶሪያቸው ያስገቡ። መምህሩ ብልሽት ይደብቅበት፤ ተማሪው ብልሽቱን ስላገኘ ብቻ ሳይሆን በስንት ጥያቄ እንዳገኘው ታይቶ ነጥብ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ጋራዦች ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይክፈቱ፤ ምልክቱ፣ የተለካው ቁጥርና የተለካበት ሁኔታ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ባለመኪናዎች ለምርመራ ለብቻው ለመክፈል እንፍቀድ፤ ከካርቶን ሙሉ ዕቃ ይረክሳልና።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ የቤታችሁ መኪና ወይም የምትሳፈሩበት ታክሲ ሲንቀጠቀጥ ቀመራችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ፤ ሾፌሩንም «መቼ ነው የሚቆራርጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ላይ ጻፉና ከሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች የትኛውን ንጹሕ እንደሚያደርግ አስቡ። ዕቃ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ።